የቀጭ ባይ ጥንዚዛን ወንድ ለይቶ ስለ መግለጽ

በአራዳና በፒያሳ ናሙና ለሚሰበስቡ መምህራን፣ ተማሪዎችና የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

በክረምት መግቢያ፣ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ከወረደ በኋላ ባሉት ምሽቶች፣ በፒያሳ ሱቆች መብራት ሥር ብዙ ዓይነት ነፍሳት ይሰበሰባሉ። ከእነዚህም መካከል ረዘም ጠበብ ያለች፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም ያላት፣ በጀርባዋ ስትወድቅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰምታ ወደ ላይ የምትፈናጠር ጥንዚዛ አለች። ልጆች በሁለት ጣት ይዘው ራሷን ስትነቀንቅ እያዩ ይጫወቱባታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀጭ ባይ ጥንዚዛ እንላታለን። በሳይንስ ኤላቴሪዴ ተብሎ የሚጠራው ቤተሰብ አባል ስትሆን፣ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች ወደ 10,000 ይደርሳሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለ መከላከያ መድኃኒት አይናገርም። ዓላማው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በደንብ ያልታወቀ ቀጭ ባይ ጥንዚዛ ሲገኝ ወንዱን ከሴቷ ለይቶ፣ ሌላ ሰው በሌላ አገር ሆኖ አንብቦ ሊያውቀው በሚችል አኳኋን እንዴት እንደሚገለጽ ማሳየት ነው። ይህን ሥራ ጊዜ የተረፈው ሰው ጨዋታ አድርገው የሚመለከቱት አሉ። እንዳልሆነ ወደ ታች እንገልጻለን።

የምትፈናጠርበት መሣሪያ

ጥንዚዛዋን በጀርባዋ አስተኝቶ ከሥር የተመለከተ ሰው መሣሪያውን ያለ ማይክሮስኮፕ ሊያየው ይችላል። ከፊተኛው ደረት ታች ወደ ኋላ የተዘረጋ እሾህ መሰል ዘንግ አለ። ከመካከለኛው ደረት ላይ ደግሞ ይህ ዘንግ የሚገባበት ጉድጓድ ይገኛል። ጥንዚዛዋ በጀርባዋ ስትወድቅ ወገቧን እንደ ቀስት ታጎብጥና የዘንጉን ጫፍ በጉድጓዱ አፍ ላይ ታስደግፈዋለች። ጡንቻዋ በሚገባ ተወጥሮ ሲያበቃ ዘንጉ አምልጦ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ይህም በሴኮንድ ሺኛ በሚቆጠር ጊዜ ይፈጸማል። አንዳንድ ዝርያዎች በዚህ ኃይል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሳሉ። መሣሪያው በወንዱም በሴቷም አለ። ስለዚህ ቤተሰቡን ለማወቅ እንጂ ጾታን ለመለየት አይረዳንም።

ልጇና ጉዳቱ

ገበሬው ጥንዚዛዋን በስም ባያውቃት እንኳ ልጇን ያውቀዋል። እንቁላሏን የምትጥለው በአፈር ውስጥ ሲሆን፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ሽቦ ትል ይባላል። ሰውነቱ ቀጭን፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ቀለሙም ከቢጫ እስከ ቡናማ ይደርሳል። ከራሱ አጠገብ ሦስት ጥንድ አጫጭር እግሮች አሉት። በጣት ሲጫኑት እንደ ቆራጭ ትል አይፈርጥም። በቀዝቃዛ አገሮች የሚገኙ አንዳንድ ዝርያዎች በእጭነት ከ3 እስከ 5 ዓመት በአፈር ውስጥ ይቆያሉ፤ የደረሰችው ጥንዚዛ ግን ዕድሜዋ አጭር ነው። ለረጅም ጊዜ ሣር ሆኖ የቆየ መሬት ታርሶ ድንች ወይም እህል ሲዘራበት ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚበረታው ከዚህ የተነሣ ነው።

የፒያሳው አትክልት ተራ በቀድሞ ቦታው በነበረበት ጊዜ የሽቦ ትልን ሥራ ለተማሪ ለማሳየት ከከተማ መውጣት አያስፈልግም ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም በላፍቶ በኩል ወዳለው ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ከዚያ በፊት ግን ከተጣለው ድንች ጥቂት አንሥቶ በቢላዋ መሰንጠቅ ይበቃ ነበር። ዛሬም በየትኛውም የድንች ገበያ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። የሽቦ ትል ቀዳዳ ክብ፣ ጠባብና እስከ ውስጥ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። የቆራጭ ትል ጉዳት ሰፋ ያለና ከላይ የተቦረቦረ ይሆናል። የድንች እራት እጭ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ከልጣጩ ሥር ይጠማዘዛል፤ ዓይነ ምድሩም በድንቹ ዓይኖች አጠገብ ተከምሮ ይታያል። ይህን መለየት የቻለ ሠራተኛ ለገበሬው ግማሹን መልስ ሰጥቷል።

ይሁን እንጂ ቀዳዳው የሚነግረን የሽቦ ትል ሥራ መሆኑን ብቻ ነው። የየትኛው ዝርያ ሽቦ ትል እንደሆነ አይነግረንም። የቀጭ ባይ ጥንዚዛ እጮች ሁሉ የሰብል ጠላት አይደሉም። በበሰበሰ እንጨት ውስጥ የሚኖሩ አሉ፤ ሌሎች ነፍሳትን አድነው የሚበሉና በዚህም ለገበሬው የሚጠቅሙ አሉ። ሳይለዩ ሁሉንም በመድኃኒት መፍጀት ወዳጅን ከጠላት ጋር መቅበር ነው። እጩን ብቻ አይቶ ዝርያውን መናገር ደግሞ ለባለሙያም ከባድ ነው። ስለሆነም ሽቦ ትሉን እርጥብ አፈር ባለበት ጣሳ ውስጥ እየመገቡ ጥንዚዛ እስኪሆን መጠበቅ፣ ወይም ጥንዚዛዋን ከማሳው አጠገብ መያዝ ያስፈልጋል።

ወንዱ ለምን ተፈለገ?

ቤልጂጋዊው ሐኪም ኤርነስት ካንዴዝ ከ1857 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ስለ ቀጭ ባይ ጥንዚዛዎች ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የሠራው በሌሎች ሰዎች እጅ ተሰብስበው፣ ደርቀው በሳጥን በደረሱት ናሙናዎች ነው። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ የነፍሳት ዝርያዎች በአንድ ወይም በሁለት ናሙና ብቻ ተገልጸዋል። ያቺ አንዲት ናሙና ሴት የሆነች እንደሆነ ችግር ይፈጠራል፤ ቆይቶ በዚያው አገር ወንድ የያዘ ሰው «ይህ የእርሷ ባል ነው ወይስ የሌላ ዝርያ?» የሚለውን ጥያቄ በቀላሉ ሊመልስ አይችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቡናማዎቹ ትንንሽ ዝርያዎች በውጭ ሲታዩ እንደ ጤፍ ፍሬ ይመሳሰላሉ። በቀለም አይለዩም፤ በቁመትም ብዙውን ጊዜ አይለዩም። ይልቁንም በሆዱ ጫፍ ውስጥ ተሸሽጎ ያለው የወንዱ የመራቢያ አካል ከዝርያ ዝርያ የተለየ ቅርጽ አለው። አካሉ ጠንካራ ስለሆነ ጥንዚዛው ከደረቀ ከመቶ ዓመት በኋላም ቅርጹ አይጠፋም። የሴቷም የውስጥ አካል ምልክት አይታጣበትም፤ ሆኖም አብዛኞቹ የመለያ ሰንጠረዦች የተሠሩት በወንዱ ነው።

ለግብርና ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የብዙዎቹ ቀጭ ባይ ጥንዚዛዎች ሴት ለወንዱ መጥሪያ የሚሆን ሽታ ትለቃለች። በአውሮፓ አግሪዮቴስ የተባለው ወገን እጮች ድንችንና እህልን ስለሚያጠቁ፣ የሃንጋሪና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ይህን ሽታ ለይተው በቤተ ሙከራ በማዘጋጀት ወጥመድ ሠርተውበታል። ወደ ወጥመዱ የሚገባው ወንዱ ነው። ወጥመዱን በየሳምንቱ የሚከፍተው ሠራተኛ የሚያየው የወንዶች ክምር ነው ማለት ነው። ወንዱ ያልተገለጸ ዝርያ ወደ ወጥመድ ቢገባ ቆጣሪው በሌላ ስም ይቆጥረዋል፤ በተሳሳተው ቁጥር መሠረት ማሳው መድኃኒት ይረጫል፣ ወይም መረጨት ሲገባው ይታለፋል። የአንድ ጥንዚዛ ጾታ በገበሬው ኪስ ላይ እዚህ ድረስ ይመጣል።

ወንድና ሴት እጅግ የሚራራቁባቸውም አሉ። በአፍሪካ ቆላማ አገሮች የሚገኘው ቴትራሎበስ የተባለው ወገን ከቤተሰቡ ትልልቆች አንዱ ሲሆን፣ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዝርያ አለው። እጩ የሚኖረው በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። የሴቷ አንቴና እንደ መጋዝ ጥርስ ብቻ ሲሆን፣ የወንዱ ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ረጃጅም ቅጠሎች አሉት። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ አያስብም። ከዚህ የባሰው ድሪሊኒ የሚባለው ጭፍራ ነው። እጮቹ ቀንድ አውጣ ይበላሉ፤ ወንዱ ክንፍ ያለው ለስላሳ ጥንዚዛ ሲሆን ሴቷ ክንፍ የላትም፣ መልኳም ከእጭ አይለይም። በዚህም ምክንያት ለረጅም ጊዜ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቶ፣ የቀጭ ባይ ጥንዚዛዎች ወገን መሆኑ የታወቀው በቅርብ ዓመታት በዘር ቅንጣት ጥናት ነው። በሰሌዳ ላይ ለተማሪ ሲያስረዱ ከእነዚህ ከሁለቱ ቢጀምሩ ይጠቅማል፤ ልዩነቱ ጎልቶ ስለሚታይ። በፒያሳ መብራት ሥር የሚገኙት ግን እንዲህ ዓይነት ውለታ አይውሉልንም።

የሠራነው ስህተት

ከዓመታት በፊት እኛ ራሳችን በዚሁ ተሳስተናል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ቁመታቸው የተለያየ ቡናማ ጥንዚዛዎች ነበሩን። ሴት ትበልጣለች የሚለውን ደንብ ይዘን ትንንሾቹን ወንድ፣ ትልልቆቹን ሴት ብለን በአንድ ስም ሥር ደረደርናቸው። በኋላ የሆዳቸውን ጫፍ ከፍተን ብናይ ከትልልቆቹ ወንዶች፣ ከትንንሾቹ ሴቶች ወጡ። ለካ ሁለት ዝርያዎች ኖረዋል። ይህም ባልከፋ፣ ስህተቱ ሊታረም ይችል ነበርና። የከፋው በመለያ ወረቀቱ ላይ «አዲስ አበባ» ብቻ ብለን መጻፋችን ነበር። ሁለቱ ዝርያዎች ከሁለት የተለያየ ቦታ ይምጡ ወይም ከአንድ ጓሮ፣ ተመልሰን የምናጣራበት መንገድ አልነበረንም። ሳጥኑ አሁንም አለ፤ ለማስተማሪያ እንጂ ለጥናት አይሆንም።

«አዲስ አበባ» ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም?

ከተማው በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቆር በየራስ ሰፈሩ መካከል ሜዳ፣ ማሳና ወንዝ ነበረበት። አራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቁ ገበያ የነበረበት ስፍራ ነው፤ እህልና ከብት የሚሸጥበት፣ የጭነት እንስሳት የሚውሉበት አፈር ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው። አገር በቀሉ ዛፍ ተመናምኖ ባሕር ዛፍ በቦታው ተተካ። በ1919 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮትና ባልደረባው ኦመር ኩፐር ወደ አገራችን መጥተው በጀምጀም ደን፣ በዝቋላ ተራራና በሌሎችም ስፍራዎች ነፍሳት በሰበሰቡበት ጊዜ አዲስ አበባ ገና እንዲህ አልጠበቀችም ነበር። የእነርሱ ስብስብ ዛሬም የሚሠራበት የቦታው ስም፣ ከፍታውና ቀኑ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን ደግሞ ፒያሳ እንደገና ተለውጣለች። የአድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የቆዩ ቤቶች ከነጓሯቸው ፈረሱ። ስለ ቤቶቹ ሌሎች ጽፈዋል፤ የእኛ ጉዳይ ጓሮው ነው። ከአሮጌ የጭቃ ቤት ጀርባ ያለ፣ ለሃምሳና ለስድሳ ዓመት ያልተነካ የሣር ቦታ ለሽቦ ትል ጥሩ መኖሪያ ነው። አስፋልትና ንጣፍ ድንጋይ ከለበሰ በኋላ በዚያ አፈር የነበረው ጥንዚዛ ማስረጃው በስፒል ላይ የተሰካው ናሙና ብቻ ይሆናል። በናሙናው ላይ «አዲስ አበባ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ማስረጃነቱም የለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በአዲሶቹ የመንገድ ዳር አትክልቶች ላይ የተደለደለው አፈርና ምንጣፍ ሣር ከሌላ ቦታ ተጭኖ የመጣ ነው። እጭ ከአፈር ጋር ይጓዛል። መብራትም ቢሆን ጥንዚዛን ከሩቅ ይጠራል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ የተያዘ ሁሉ የፒያሳ ተወላጅ አይደለም። ከአፈር ተቆፍሮ የተገኘውን፣ ከበሰበሰ ግንድ የወጣውንና በመብራት የተያዘውን ለይቶ መጻፍ ግዴታ ነው። መለያ ወረቀቱ የሚከተለውን ሊመስል ይገባዋል፤ «ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ የወንዝ ዳር ሣር ሥር፣ ከአፈር»፤ ከዚህ በኋላ ከፍታው በሜትር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፣ የሰብሳቢው ስም። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ በተወጣ ቁጥር ዝርያው ሊለወጥ ስለሚችል ከፍታን በግምት አለመጻፍ ይሻላል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ በግልጽ ይመልከት። ይህን ያልጻፈ ሰው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ለተከታዩ ያወርሳል።

አሰባሰቡ

ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ነጭ አንሶላ በመብራት አጠገብ ሰቅሎ መጠበቅ ቀላሉ ዘዴ ነው። ቀን ቀን የወደቀ ግንድ ቅርፊት ሥር፣ ድንጋይ ሥርና በሣር መካከል መፈለግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያሉት አሮጌ ዛፎች ለዚህ ሥራ የከበሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ሳይጠይቁ መግባት፣ ቅርፊት መላጥ ወይም ግንድ መሰንጠቅ ነውር ነው። ከተቻለ ሲገናኙ የተያዙ ወንድና ሴት ጥንድ በአንድ ብልቃጥ ይቀመጡ። አንድ እንዲህ ያለ ጥንድ ለየብቻ ከተያዙ ሃምሳ ጥንዚዛዎች ይበልጥብናል፤ ጥንዚዛዎቹ ራሳቸው ከማንም በተሻለ ዝርያቸውን ያውቃሉና።

ለማቆየት 75 በመቶ አልኮል ይበቃል። ለዘር ቅንጣት ምርመራ የሚላክ ካለ ግን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ። በደረቅ የሚቀመጠው በቀኝ የላይ ክንፉ በኩል በስፒል ይሰካል፤ ትንንሹ በሦስት ማዕዘን ካርቶን ጫፍ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ሙጫው የደረቱን ታች እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ይገባል። ዘንጉና ጉድጓዱ ከተሸፈኑ ወገኑን መለየት አይቻልም።

ወንዱን መለየት

በውጭ ሲታይ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ ነው፤ አንቴናው ይረዝማል፣ ዓይኑ ይተልቃል፣ የደረት ሽፋኑም ከሴቷ ይልቅ ጠፍጠፍ ይላል። የሴቷ ደረት ጎበጥ ያለ፣ ሆዷም ሞላ ያለ ነው። ከላይ እንደ ነገርናችሁ ግን በዚህ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የመራቢያው አካል ነው።

የደረቀውን ጥንዚዛ በሙቅ ውኃ ውስጥ ለስልሶ እስኪተጣጠፍ ድረስ መዘፍዘፍ ነው። ከዚያም በማይክሮስኮፕ ወይም በጥሩ አጉሊ መነፅር ሥር አድርጎ፣ ጫፏ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ የሆዱን የመጨረሻ ቀለበቶች ከፈት በማድረግ አካሉን ቀስ ብሎ መሳብ ያስፈልጋል። የወጣው አካል በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሲያድር በላዩ ያለው ሥጋ ይሟሟል። ይህ ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላልና ተማሪዎች ብቻቸውን እንዳይነኩት እናሳስባለን። በማግስቱ በውኃ ይታጠብና በአንድ ጠብታ ግሊሰሪን ውስጥ ይታያል።

የሚታየው ሦስት ጣት ያለው እጅ ይመስላል። ከሥር መሠረት የሆነ ቁራጭ አለ፤ ከእርሱ ላይ መካከለኛው ዘንግና በግራና በቀኝ ሁለት ጎናዎች ይነሣሉ። ሊታይ የሚገባው የመካከለኛው ዘንግ ከጎናዎቹ ይረዝማል ወይስ ያጥራል፣ ጫፉ ሹል ነው ወይስ ደነዝ፣ በጎናዎቹ ጫፍ ላይ ወደ ውጭ የወጣ መንጠቆ መሰል ጥርስ አለ ወይስ የለም፣ ፀጉሩስ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። ሁለት ዝርያዎች የሚለያዩት አንዳንዴ በዚህች ጥርስ ብቻ ነው። በእርሳስ ይሳል፤ ከላይም ከጎንም። ከመቶ ቃል አንድ በጥንቃቄ የተሠራ ሥዕል ይሻላል፤ ሥዕል አልችልም የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አተኩረው ያላዩ ናቸው።

አጻጻፉ

ገለጻ ከራስ ጀምሮ ወደ ሆድ ይሄዳል፤ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። «ትልቅ»፣ «ረዘም ያለ»፣ «ቆንጆ» የሚሉ ቃላት አይረዱም፤ ከምን ይተልቃል? ከምንስ ይረዝማል? መለኪያው ከራሱ ከጥንዚዛው አካል ይወሰድ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለልምምድ ያህል እኛ ያዘጋጀነው የአጻጻፍ ናሙና እንጂ የአንድ የታወቀ ዝርያ መግለጫ አይደለም።

«ወንድ። ቁመት 11 ሚሊ ሜትር፣ ወርድ 3 ሚሊ ሜትር። ጥቁር ቡናማ፤ አንቴናውና እግሮቹ ቀላ ያሉ። ፀጉሩ ግራጫ፣ አጭር፣ ወደ ኋላ የተኛ። አንቴናው ባለ 11 አንጓ፤ ከ4ኛው አንጓ ጀምሮ እንደ መጋዝ ጥርስ፤ ወደ ኋላ ሲተኛ የደረት ሽፋኑን የኋላ ማዕዘን በ2 አንጓ ያልፋል። የደረት ሽፋን ርዝመቱ ከወርዱ በጥቂቱ ይበልጣል፤ የላዩ ነጥቦች ጥልቅ ሆነው በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንድ ነጥብ ስፋት ያንሳል፤ የኋላ ማዕዘኖቹ ሹልና ወደ ውጭ ያጋደሉ ናቸው። የላይ ክንፎች ከደረት ሽፋኑ 2 ተኩል እጥፍ ይረዝማሉ፤ እስከ ግማሻቸው ጎንና ጎናቸው ትይዩ ነው፤ ከዚያ ወደ ጫፍ ይጠባሉ። የመካከለኛው ዘንግ ከጎናዎቹ ይረዝማል፤ ጎናዎቹ በጫፋቸው አንድ ትንሽ ጥርስ አላቸው። ሴት። እንደ ወንዱ፤ ነገር ግን አንቴናዋ የደረት ሽፋኑን የኋላ ማዕዘን አይደርስም፤ የደረት ሽፋኗ ይበልጥ ጎባጣ ነው።»

አንባቢው እንደሚያስተውለው ሴቷ በሁለት መስመር አልቃለች። ይህ የሚሆነው ወንዱ በሚገባ ከተገለጸ ብቻ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ሴቷ ቀድማ የታወቀች እንደሆነ ግን ወንዱን «እንደ ሴቷ» ብሎ ማሳጠር አይገባም፤ ሙሉው ይጻፍ። ቁመትም ከአንድ ጥንዚዛ አይወሰድ። አሥር ወንዶች ካሉ አሥሩም ይለኩና ትንሹና ትልቁ ቁጥር ይጻፍ። ያለው አንድ ብቻ ከሆነ አንድ መሆኑ ሳይደበቅ ይነገር።

ስለ ስም አወጣጥ አንድ ነገር እንጨምር። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አወጣጥ ደንብ መሠረት የዝርያው ስም የተሰቀለው መጀመሪያ ለስሙ መነሻ በተደረገችው ናሙና ላይ ነው። ያች ናሙና ሴት ብትሆንም ቆይቶ የተገለጸው ወንድ ቦታዋን አይወስድም። ስለዚህ ወንዱን የሚገልጽ ሰው ያችን የመጀመሪያ ናሙና ወይም ጥሩ ሥዕሏን ሳያይ «የእርሷ ወንድ ነው» ብሎ መጻፍ የለበትም። በጥርጣሬ ከሆነ በጥርጣሬ ይጻፍ። አዲስ ስም ለማውጣት መቸኮልማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንዴ የታተመ ስም ስህተት ቢሆን እንኳ ከመዝገብ አይፋቅም፣ ለዘለዓለም የሥራ ጫና ሆኖ ይቀራል።

ናሙናው የት ይቀመጥ?

በቤት መሳቢያ ውስጥ የቀረ ናሙና ለምስጥና ለብል ነው። አራዳ አካባቢ ያሉ ሰብሳቢዎች አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቅርባቸው ነው። ከማሳ የተሰበሰበና ከሰብል ጉዳት ጋር የተያያዘ ሲሆን ደግሞ በአቅራቢያ ላለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሰብል ጥበቃ ክፍል ማሳየት ይገባል። ወደ ውጭ አገር ባለሙያ መላክ ያስፈለገ እንደሆነ ናሙናው ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ሲገኝ ነው። በፖስታ ውስጥ ሸሽጎ መላክ ሰብሳቢውንም ተቀባዩንም ያስጠይቃል።

የተነጠለው የመራቢያ አካል ከጥንዚዛው እንዳይለይ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከግሊሰሪን ጋር ተደርጎ በዚያው ስፒል ላይ ከመለያ ወረቀቱ በታች ይሰካ፤ ወይም በካርቶን ላይ ተለጥፎ እዚያው ይዋል። ለየብቻ ካስቀመጧቸው አንድ ቀን ሳጥኑ ይወድቅና የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ሳጥኑ ውስጥ ናፍታሊን በጨርቅ ቋጥሮ በማዕዘኑ ማኖርና በየስድስት ወሩ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በክረምት ሻጋታ እንዳይዘው ሳጥኑ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።